ከባሕር ማዶ የሚላክ የአደራ ገንዘብ
ባንኮቻችን የሐሙሲትን እናት እንዴት ደንበኛ ሊያደርጓት እንደሚችሉ

ሰው ለሰው ከሚሰጠው ነገር ሁሉ እንደ አደራ የከበደ የለም። ያበደሩት ገንዘብ ቢዘገይ ዋስ ይጠራል፤ የሰጡት ስጦታ ቢባክን ቅር አሰኝቶ ይቀራል፤ አደራ ሲበላ ግን ከገንዘቡ ጋር የሰጪውና የተቀባዩ መተማመን አብሮ ይጠፋል። ስለዚህም አባቶቻችን «አደራ በላ» የሚለውን ስም ከሌባ ስም አብልጠው ይጸየፉት ነበር። እኛም ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ የምንናገረው ስለ አንድ ታላቅ አደራ ነው። ይኸውም በባሕር ማዶ የሚኖሩ ልጆቻችን በላባቸው አግኝተው ለእናት ለአባታቸው ስለሚልኩት ገንዘብ፤ ይህንንም አደራ ተሸክሞ ለማድረስ የአገራችን ባንኮች ከውጭ ኩባንያዎችና ከጥቁር ገበያ ጋር እንዴት ሊወዳደሩ እንደሚችሉ ነው።

ነገሩን ከአንድ ገበያ እንጀምር። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ወረታ ከመድረሱ በፊት በደራ ወረዳ ውስጥ ሐሙሲት የምትባለውን ከተማ ያገኛል። ስሟ ራሱ እንደሚናገረው የሐሙስ ገበያ የፈጠራት ከተማ ናት። ከእርሷ አልፎ የጉማራን ወንዝ ሲሻገር ሰፊው የፎገራ ሜዳ ተዘርግቶ ይታየዋል። ይህ ሜዳ ቀድሞ በከብቱ የታወቀ ነበረ፤ ዛሬ ደግሞ በሩዙ ይታወቃል። ክረምት ጉማራና ርብ ሞልተው ሲወጡ ውሃ የሚተኛበት መሬት ለሩዝ ተስማሚ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሩዙ ከታጨደ በኋላም ገበሬው በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራል። ወንዝ የሚቀርበው ደግሞ በውሃ መሳቢያ ሞተር ሽንኩርት ያለማል።

እንግዲህ ሐሙስ ሐሙስ በገበያው ከሚዘዋወረው ብር አብዛኛው የዚህ መሬት ፍሬ ነው። ነገር ግን ከሜዳው ያልበቀለ ሌላ ገንዘብም አለ። እርሱም ከሪያድና ከጅዳ፣ ከቤይሩትና ከዱባይ፣ ከኩዌት፣ እንዲሁም ከአሜሪካና ከእስራኤል አገር የሚመጣው የሐዋላ ገንዘብ ነው። በዚህ ገንዘብ የሣር ክዳን ወደ ቆርቆሮ ይለወጣል፤ ታናሽ ወንድም ትምህርት ቤት ይገባል፤ የታመመ አባት ባሕር ዳር ድረስ ተወስዶ ይታከማል፤ የሞተ በሬ ይተካል። በመላው ኢትዮጵያም ቢታይ በዚህ መንገድ የሚገባው ገንዘብ በያመቱ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ነው። ምንጩ ግን በአብዛኛው ትንንሽ ነው፤ አንዲት የቤት ሠራተኛ ከወር ደመወዟ ቀንሳ የምትልከው ነው።

እስቲ አንዲት እናት በዐይነ ልቡናችን እንመልከት። ከገጠር ቀበሌ በማለዳ ተነሥታ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሯ ተጉዛ ሐሙሲት ትደርሳለች። ልጅዋ በሪያድ ከተማ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ ማታ በስልክ «እናቴ፣ ገንዘብ ልኬልሻለሁ፤ ቁጥሩን ለወንድሜ ነግሬዋለሁ» ብላታለች። ቁጥሩ በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ በመቀነቷ ጫፍ ተቋጥሯል። እናቲቱ ፊደል ስላልቈጠረች የምሥጢሩን ቁጥር የሚያነብላት ሰው በባንኩ ደጅ ትፈልጋለች፤ ያ ሰው ደግ ይሁን ክፉ የምታውቅበት መንገድ የላትም። የገበያ ቀን ነውና ነጋዴውም ገበሬውም በአንድ መስኮት ይጋፋል። ተራዋ ደርሶ ስትቀርብ የባንኩ ጸሐፊ መታወቂያዋን አገላብጦ «እማማ፣ ልጅዎ የጻፈችው ስምና በመታወቂያዎ ላይ ያለው ስም አልተስማማም፤ አስተካክላ ትላክና ሌላ ቀን ይመለሱ» ይላታል።

ጸሐፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ የታዘዘውን ጠብቋል። ጥፋቱ የመጣው በአማርኛ አንድ የሆነው ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ብዙ መልክ ስላለው ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ስም አንዱ በ«ቲ» ብቻ ይጀምረዋል፤ ሌላው በ«ቲ» ላይ «ኤስ» ይጨምርበታል። ስለ አንዲት ፊደል እናቲቱ የመጣችበትን መንገድ ባዶ እጅዋን ትመለሳለች። በዚያው ቀን ማታ ግን ልጅዋ በጥቁር ገበያ የላከችላት ጎረቤቷ ገንዘቡን ከአንድ ሱቅ ተቀብላ ቤቷ ገብታለች። የጠየቃት የለም፤ ያጕላላትም የለም። ታዲያ ይህች እናት በሚመጣው ወር ልጅዋን ምን ትላታለች? «ልጄ፣ ባንኩ አደከመኝ፤ እንደ ጎረቤታችን ልጅ በሰው እጅ ላኪልኝ» ትላታለች። ባንኩም አንድ ደንበኛ አጣ፤ አገሪቱም የውጭ ምንዛሪዋን አጣች። ይህ ሁሉ የተወሰነው በሐሙሲት መስኮት ፊት ነው።

ሐዋላ ማለት ከዐረብኛ የመጣ ቃል ሲሆን ትርጓሜው በአንድ ስፍራ የተሰጠን ገንዘብ በሌላ ስፍራ ላለ ሰው እንዲከፈል ማዛወር ነው። በቀድሞ ዘመን በአገራችን ገንዘብ የሚጓዘው ከባለቤቱ ወይም ከታመነ መንገደኛ ጋር ነበር። የማሪያ ቴሬዛ ብር ከባድ ነውና በበቅሎ ተጭኖ ሲሄድ ሽፍታም ወንዝም ይፈራ ነበር። የካቲት 1898 ዓ.ም. በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት የአቢሲኒያ ባንክ በአዲስ አበባ ተመርቆ ሲከፈት ገንዘብን በወረቀት የማዛወር ሥራ በአገራችን ሥር ያዘ። ያ ባንክ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር የተያያዘ ስለ ነበረ በ1923 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ባንክ ተተካ። ከጠላት ወረራ በኋላም በነሐሴ 1934 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ታወጀ፤ በ1956 ዓ.ም. ሥራው ለሁለት ተከፍሎ ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ሆነ። በ1967 ዓ.ም. የግል ባንኮች ሁሉ በመንግሥት ተወረሱ፤ በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ግን ኢትዮጵያውያን ባለ አክሲዮኖች ባንክ እንዲያቋቁሙ ተፈቀደ። ዛሬ በአገራችን ከ30 በላይ ባንኮች አሉ፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ብቻውን ከ1,900 በላይ ቅርንጫፎች አሉት። ከአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ወደ ባንክነት የተለወጠው ጸደይ ባንክና በሰኔ 2014 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አማራ ባንክም በዚሁ ማኅበር ውስጥ ገብተዋል።

በውጭ አገርም ይህ ሥራ ያረጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1851 በአሜሪካ የተመሠረተው የዌስተርን ዩኒየን ኩባንያ በ1871 ገንዘብን በቴሌግራፍ ማስተላለፍ ጀመረ፤ ዛሬም በዓለም ሁሉ ወኪሎች አሉት። እንዲህ ያሉት ኩባንያዎች በአገራችን ገንዘቡን የሚከፍሉት በባንኮቻችን መስኮት ነው። እንግዲህ የእኛ ባንክ ብዙ ጊዜ የሌላውን አደራ አድራሽ ሆኖ ትንሽ ኮሚሲዮን ይቀበላል እንጂ ላኪዋን አያውቃትም፤ እርስዋም የምታውቀው የኩባንያውን ስም ነው። የባንኮቻችን የመጀመሪያ ድካም ከዚህ ላይ ነው።

አሁን ዋጋውን እንመርምር። ገንዘብ ላኪ ሦስት ዓይነት ዋጋ ይከፍላል። የመጀመሪያው በደረሰኝ ላይ የሚጻፈው የማስተላለፊያ ክፍያ ነው። ሁለተኛው የምንዛሪ ልዩነት ነው፤ ይህ በደረሰኝ ላይ «ክፍያ» ተብሎ ስለማይጻፍ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ሦስተኛው የጊዜና የድካም ዋጋ ነው፤ ይህንንም የሚከፍለው በአብዛኛው ተቀባዩ ነው።

በቁጥር እንግለጠው። የሳዑዲ ዐረቢያ ሪያል እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ አንድ ዶላር በ3.75 ሪያል እየተመነዘረ ጸንቶ ይኖራል። ስለዚህ 750 ሪያል የምትልክ ልጅ 200 ዶላር ላከች ማለት ነው። የዓለም ባንክም የመላኪያን ዋጋ የሚመዝነው በዚሁ በ200 ዶላር ነው። በምርመራውም የዓለም አማካይ ዋጋ ከመቶ 6 በላይ ሆኖ ሲገኝ ከሰሐራ በታች ወዳሉ የአፍሪካ አገሮች መላክ ከሁሉ ይልቅ ውድ ሆኖ ኖሯል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አባሎች ግን እ.ኤ.አ. በ2015 ባደረጉት ስምምነት ይህ ዋጋ እስከ 2030 ድረስ ከመቶ 3 በታች እንዲወርድ ቈርጠዋል። እንግዲህ ከመቶ 6 የምትከፍል ልጅ በየወሩ 12 ዶላር ታጣለች፤ ከመቶ 3 ብትከፍል ግን 6 ዶላር ነው። ልዩነቱ በዓመት 72 ዶላር ይሆናል። ደግሞም ለምሳሌ ያህል ከፋዩ በአንድ ዶላር ላይ 5 ብር አሳንሶ ቢመነዝር በ200 ዶላር 1,000 ብር፣ በዓመት 12,000 ብር ከእናትየው ቤት ይጐድላል። ይህ ገንዘብ በባንክ መዝገብ ላይ ጥቂት ነው፤ በገጠር ጎጆ ውስጥ ግን የልጆች ደብተርና ልብስ፣ የዘርና የማዳበሪያ ዋጋ ነው።

ስለ ጥቁር ገበያም ሳንሸሽግ እንናገር፤ ተቃዋሚውን ያላወቀ አይረታውምና። ላኪዋ ሪያሏን በሪያድ ለሚገኝ ሰው ትሰጣለች። እርሱም በስልክ ለባልደረባው ይነግራል፤ ባልደረባው በኢትዮጵያ ካለው ብር ለእናትየው ይከፍላል። ሪያሉ ወደ አገር አይገባም፤ በዚያው በውጭ ቀርቶ ዕቃ ለሚገዛ ነጋዴ ወይም ገንዘቡን ለሚያሸሽ ሰው ይሸጣል። ስለዚህ እናትየዋ ብሯን ብታገኝም አገሪቱ መድኃኒትና ነዳጅ የምትገዛበትን ምንዛሪ አላገኘችም። የሁለቱ ሰዎች ስምምነት በቃል ብቻ የቆመ ስለ ሆነም አንዱ ቢከዳ ላኪዋ የምትከስበት ደረሰኝ የላትም።

ይህ እየታወቀ ሕዝቡ ለምን ወደዚያ ሄደ? ዋናው ምክንያት ዋጋው ነበር። ለብዙ ዓመታት የባንክ ምንዛሪ በመንግሥት የተወሰነ ስለ ነበረ በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል ያለው ልዩነት እየሰፋ ሄደ፤ በ2016 ዓ.ም. ባንኮች አንድ ዶላር በ57 ብር ገደማ ሲመነዝሩ ጥቁር ገበያው እጥፍ ያህል ይከፍል ነበር። ይህ ሲሆን ልጅቱን «በባንክ ላኪ» ብሎ መምከር ግማሽ ደመወዝሽን ጣይ ከማለት አይለይም ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ ግን ነገሩ ተለወጠ። እያንዳንዱ ባንክ የራሱን ዋጋ በየቀኑ ማውጣት ቻለ፤ ከሚያገኘው የውጭ ምንዛሪ ከፊሉን ለብሔራዊ ባንክ የማስረከብ ግዴታውም ቀረለት። የብር ዋጋም በጥቂት ሳምንት ውስጥ በዶላር ከ100 በላይ ሆነ። ከጥቁር ገበያ ጋር የነበረው ልዩነት እጅግ ጠበበ፤ ፈጽሞ ግን አልጠፋም።

እንግዲህ ባንኮች «የምንዛሪው ሕግ እጃችንን አሰረን» የሚሉበት ምክንያት አብዛኛው አልፏል። የቀረው ውድድር በፍጥነት፣ በአክብሮትና በመታመን ነው። ጥቁር ገበያው በእነዚህ ቢበልጣቸው የባንኮቹ ስንፍና እንጂ የሕግ ጕድለት አይሆንም። ይልቁንም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ባጸደቀው አዋጅ የውጭ ባንኮች ወደ አገራችን እንዲገቡ ስለ ተፈቀደ ጊዜው የሚያስተኛ አይደለም። በእኛ አሳብ የውጭ ባንክ በገንዘብ ብዛትና በመሣሪያ ሊበልጠን ይችላል፤ የሐሙሲትን እናት በስሟ፣ በቋንቋዋና በገበያ ቀኗ ማወቅ ግን ለአገር ባንክ የተሰጠ ዕድል ነው። በዚህ ዕድል እንዴት መጠቀም እንደሚቻል ከዚህ ቀጥለን በተራ እናመለክታለን።

1ኛ፤ ዋጋውን አስቀድሞ መንገር። ላኪዋ ከመላኳ በፊት «እናትሽ እጅ የሚደርሰው ይህን ያህል ብር ነው» ተብሎ ሊነገራት ይገባል። በቅርንጫፉ ደጅም የዕለቱ ምንዛሪ በትልልቅ የአማርኛ ጽሕፈትና ቁጥር ይለጠፍ። አንዳንድ ባንኮች ሐዋላ ለሚቀበሉ ሰዎች ዕጣና ሽልማት ያዘጋጃሉ። ዕጣው ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን በዕጣ የሚደሰተው ጥቂት ሰው ነው፤ በተስተካከለ ምንዛሪና ባጠረ ሰልፍ የሚደሰተው ሰው ሁሉ ነው።

2ኛ፤ የተቀባዩን ድካም ማቅለል። በሐሙስ ቀን ለሐዋላ ብቻ የሚያገለግል አንድ መስኮት ቢለይ፤ ፊደል ለማያውቁ ሰዎችም ቁጥራቸውን የሚያነብ በመሐላ የታመነ የባንክ ሠራተኛ በደጅ ቢቆም ወጪው ትንሽ ነው። ስለ ስም አጻጻፍ ደግሞ መድኃኒቱ ቀርቧል፤ ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ የሰውን ስም በአማርኛና በእንግሊዝኛ አንድ ጊዜ ለዘወትር ይወስናል። ባንኩ እናትየውን ይህን መታወቂያ እንድታወጣ ቢረዳትና በስሟ የሒሳብ ደብተር ቢከፍትላት ልጅዋ ከዚያ በኋላ የምትልከው በሒሳብ ቁጥር ይሆናል። ስለ አንዲት ፊደልም የሚመለስ ሰው ይቀንሳል።

3ኛ፤ ላኪዋን ከመሄዷ በፊት ማወቅ። የፊሊፒንስ አገር ባንኮች ሠራተኞቻቸው በሚኖሩባቸው የዐረብ አገሮች ሳይቀር የገንዘብ መላኪያ ቢሮዎች ከፍተዋል። በሕንድ አገር የኬረላ ባንኮች በባሕረ ሰላጤው ካሉ የምንዛሪ ቤቶች ጋር ተዋውለው የስደተኞቻቸውን ገንዘብ ይሰበስባሉ፤ ሕንድም ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ በዓመት በመቀበል ከዓለም አንደኛ ሆናለች። የእኛ ባንኮች ሁሉ በሪያድ ቢሮ ለመክፈት አቅም ባይኖራቸው እንኳ በሕጋዊ መንገድ ለሥራ የሚሄዱት ልጆች ከመሄዳቸው በፊት ትምህርት በሚቀበሉበት ስፍራ ተገኝተው በእያንዳንዷ ልጅ ስም ሒሳብ ሊከፍቱ ይችላሉ። ደግሞም ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ የውጭ ኩባንያዎች ባንኮቻችንን «ከእኛ በቀር ከሌላ ጋር አትሥሩ» እያሉ እንዳያስሩ ከልክሏል። ስለዚህ ትንሹም ባንክ ከብዙ ኩባንያዎች ጋር ተዋውሎ ለደንበኛው ርካሹን መንገድ ሊመርጥለት ይችላል።

4ኛ፤ በስልክ ማድረስ። በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ብዙ ጊዜ ወደ ከተማ ወጥታ የመላኪያ ቢሮ የምትፈልግበት ፈቃድ የላትም፤ ስልኳ ግን ከእርስዋ ጋር ነው። በኬንያ እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው ኤም ፔሳ ገንዘብ በእጅ ስልክ ገጠር ድረስ ሊገባ እንደሚችል ለዓለም አሳይቷል። በአገራችንም ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር የተባለው አገልግሎት ሥራ ላይ ውሏል፤ ባንኮችም የየራሳቸውን የስልክ አገልግሎት አበጅተዋል። ነገር ግን ስልኩ የሚያሳየው ቁጥር በቀበሌው ሱቅ ወደ ብር ካልተለወጠ ለባልቴቲቱ ምን ይጠቅማታል? ባንኩ በየገጠሩ የታመኑ ባለ ሱቆችን ወኪል አድርጎ መሾም፤ በገበያና በበዓል ዋዜማም በቂ ብር እንዲኖራቸው ማሰብ አለበት። የመስመር መቋረጥንም አይርሳ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በጸጥታ ምክንያት የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በቆየ ጊዜ በስልክ ብቻ የተመካ አገልግሎት እንደማይበቃ ታይቷል። ያለ ኢንተርኔት በአጭር ቁጥር የሚሠራ መንገድና የሚያገለግል ቅርንጫፍ በመጠባበቂያነት መኖር አለበት።

5ኛ፤ ሐዋላውን የብድር ምስክር ማድረግ። አንዲት እናት ለሦስት ዓመት በየወሩ ሳይቋረጥ ገንዘብ ከተቀበለች ያ መዝገብ ራሱ ዋስ ነው። ባንኩ መዝገቡን አይቶ ለውሃ መሳቢያ ሞተር፣ ለሩዝ መፈልፈያ፣ ለጥማድ በሬ ቢያበድር ከልጅቱ ሪያልና ከፎገራ መሬት ሁለት ገቢ በአንድ ቤት ይገናኛሉ። ልጅቱም ሳትመለስ በፊት የምትመለስበት ሥራ ይሠራላታል። ጥቁር ገበያ ብር ያደርሳል፤ መዝገብ ስለሌለው ግን በሐዋላው ላይ ተመሥርቶ እንዲህ ያለ ብድር ሊሰጥ አይችልም። የባንክ ትልቁ ብልጫ ይህ ሆኖ ሳለ እስከ ዛሬ በሚገባ አልተሠራበትም።

እስከ አሁን ስለ ባንኮች ተናገርን። ይህ ገጽ የቤተ ሰብ ገጽ ስለ ሆነ ግን ስለ ቤተ ሰብ ሳንናገር ብንጨርስ አደራችንን በላን ማለት ነው። በኅዳር 2006 ዓ.ም. የሳዑዲ ዐረቢያ መንግሥት የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ አገር ሰዎች ማስወጣት በጀመረ ጊዜ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በእጃቸው አንዳች ሳይዙ ነበር የገቡት። በውጭ አገር የኖረ ሰው በአንድ ሌሊት ሊባረር እንደሚችል ያ ጊዜ አስተምሮናል።

በዚህ ዓይነት የምትመለስ ልጅ በቤቷ ምን ታገኛለች? ለዓመታት የላከችው ሁሉ ለድግስ፣ ለልብስና ለዕለት ጕርስ አልቆ፤ በስሟ የተቀመጠ አንድ ብር ሳይኖር፤ ወንድሟም በገንዘቧ ያቆመውን ቤት በራሱ ስም አስመዝግቦ የምታገኝ አለች። ማንም ሰው ሊጐዳት አስቦ ላይሆን ይችላል፤ ቢሆንም አደራዋ ተበልቷል። ልጅቱ አንድ ቀን እንደምትመለስ ያሰበላት አልነበረምና ነው። እንዲህ ያለችው ልጅ አኩርፋ ዳግመኛ በበረሃ መንገድ ስትሰደድ «ልጄን ምን ነካት» ብሎ ማልቀስ የዘገየ ልቅሶ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ የሚከተለውን ሥርዓት እንዲይዝ እንመክራለን። ልጅቱ ከመሄዷ በፊት በራሷ ስም ሒሳብ ይከፈት፤ ደብተሩንም የሚጠብቀው ሁሉም የሚያምነው ሰው ይሁን። የሚላከው ገንዘብ አስቀድሞ በስምምነት ይከፈል፤ አንዱ ክፍል ለቤት ወጪ፣ አንዱ ለትምህርትና ለሕክምና፣ አንዱም ማንም ሳይነካው ለልጅቱ ይቀመጥ። በየሦስት ወሩም ከቤተ ሰቡ አንድ የተማረ ሰው «ይህን ያህል ደረሰን፤ ይህን ያህል አወጣን፤ በስምሽ ይህን ያህል አለ» ብሎ ይጻፍላት ወይም በስልክ ይንገራት። ሒሳብ ማሳየት አለመተማመን የሚመስለው ሰው ቢኖር የእድራችንንና የእቁባችንን ጸሐፊ ይመልከት። እድር ያለ መዝገብ አይቆምም፤ እቁብተኛም ዕጣ ሲወጣ ቆሞ ያያል፤ በዚህም ማንም አይቀየምም። ለጎረቤት ያላፈርንበትን ሒሳብ ለልጃችን ለማሳየት እንዴት እናፍራለን?

ባንኮችም ይህን ሥርዓት ሊረዱ ይችላሉ። ልጅቱ የላከችው ገንዘብ ሲገባ ራሱ በራሱ ተከፍሎ አንዱ ክፍል ለእናትየው እንዲከፈል፣ ሌላው በልጅቱ ሒሳብ እንዲቀር ቢያደርጉ በወንድምና በእኅት መካከል ሊነሣ የሚችለውን ጠብ አስቀድመው አጠፉት። ወለድ ለማይሹ ሃይማኖተኞችም ያለ ወለድ የሚቀመጥበት ሒሳብ በብዙ ባንኮች አለና በሚገባ ይነገራቸው።

በየመሥሪያ ቤቱና በየወረዳው በኀላፊነት የምትገኙ ክቡራን አንባብያን ሆይ፤ ከእናንተ መካከል የባንክ ሹም የሆነ ቢኖር አንድ ሐሙስ ቀን ሐሙሲት ወርዶ፣ ስሙን ሳይናገር በሰልፉ መጨረሻ ቆሞ፣ እናቶች እንዴት እንደሚስተናገዱ እንዲመለከት እንለምነዋለን። በዚያ ሰልፍ የሚያየው ነገር በጽሕፈት ቤቱ ከሚቀርብለት ብዙ ሪፖርት ይልቅ ያስተምረዋል። የወረዳ ሹም የሆነም ቢኖር የመታወቂያውን ሥራ ያፋጥን፤ ለሥራ ወደ ውጭ የሚሄዱትንም ልጆች ወደ ባንክ ይምራቸው። በሩቅ አገር የምትሠራ ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ ይህን ጋዜጣ አጥፎ ከማስቀመጡ በፊት ለራሱ አንድ ጥያቄ ያቅርብ፤ «ነገ ብትመለስ በስሟ ምን አስቀምጬላታለሁ?»

ልጅቱ ገንዘቧን በላከች ቁጥር «ደረሰሽን?» ብላ ትጠይቃለች። እናትየዋም «ደረሰኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ እንድትመልስላት ባንኩ በመስኮቱ ይትጋ። ከዚያም አልፋ «የአንቺም ድርሻ በደብተርሽ ገብቷል» ለማለት እንድትችል ቤተ ሰብ ሁሉ ይርዳት። ያን ጊዜ አደራው ከሪያድ እስከ ሐሙሲት በሙሉ ደረሰ ይባላል።